ከጠዋቱ አስራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት

ስለ ወንድሜ ልጅ ስለ ኬንድራ ሰው ሁሉ የሚያወራው እግሯን ነው። እኔ ግን ያሳደግኳት ነኝና ሆዷን አውቀዋለሁ፤ ፈሪ ናት። መቶ ሜትር በአስራ አንድ ሰከንድ የምትጨርስ ልጅ ፈሪ ናት ስላችሁ የሚያስቃችሁ ከሆነ ሳቁ። በዘጠኝ ዓመቷ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽርሽር ላይ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ስትገባ እንኳ ዞራ ዞራ ታይ ነበር።

«ምን ያገላምጥሻል? ፊት ፊትሽን እያየሽ አትሮጪም?» ብላት፣

«የሚያስፈራው እኮ ከኋላ ያለው ነው፣ አክስቴ» አለችኝ።

ወንድሜ ባሕር ላይ ነዳጅ ሲያወጣ እየከረመ፣ ልጅቷ በእኔ እጅ አደገች። የሉዊዚያና ትምህርት ቤቶችን በሩጫ አሸነፈች፤ ዩኒቨርሲቲ በእግሯ ገባች፤ የጫማ ኩባንያ አስፈረማት፤ በኋላም ተዋት። ኦሎምፒክ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ሞከረች። እዚህ አሜሪካ መቼም መመረጡ ከኦሎምፒኩ ይብሳል፤ በማጣሪያው ቀን ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ይሄዳሉ፣ አራተኛዋ ዕቃዋን ሸክፋ ቤቷ ትገባለች። ኬንድራ በሁለተኛው ሙከራዋ አራተኛ ወጣች። በአንድ መቶኛ ሰከንድ! ዓይን ለመጨፈን እንኳ አይበቃም። ያን ሰሞን እህል በአፏ አልዞረም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሃያ ዘጠኝ ሞላትና አሰልጣኟ «እንግዲህ ይሄ የመጨረሻሽ ነው» አላት። ማጣሪያው አስራ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ማታ ከሂዩስተን ነድታ መጣችብኝ። እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ጉንጯ ጎድጉዶ ሳየው አንጀቴን በላችው። ቀይ ባቄላ በሩዝ ባቀርብላት በሹካ እያገላበጠች ስልኳን ብቻ ታያለች።

«ማነው እሱ? ወንድ ከሆነ ንገሪኝ፤ ካልሆነ ብዪ!»

«ምነው ወንድ በሆነልኝ» ብላ ሳቀች። ሳቋ አልጣመኝም።

የደበቀችኝ ነገር ነበር። እንደ እሷ ያሉ ሯጮች ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት መርጠው «በዚህ ሰዓት እዚህ ቤት እገኛለሁ» ብለው ያስመዘግባሉ። የአበረታች መድኃኒት መርማሪዎች ሳይናገሩ ከተፍ ይላሉ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥተው ካጡሽ፣ መድኃኒቱን በዓይንሽ አይተሽው ባታውቂም ትታገጃለሽ፤ ስምሽም ከአጭበርባሪዎቹ ጋር ይጠራል። ኬንድራ ሁለቱን ጨርሳለች። አንዱን አውሮፕላን ዘግይቶባት ምዝገባውን ማስተካከል ረስታ። ሁለተኛውን ፀጉር ቤት ሄዳ፤ ሠሪዋ ሹሩባውን በአራት ሰዓት እጨርሳለሁ ብላ ሰባት ሰዓት ገትራት። ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ተነስታ በረረች፤ አልደረሰችም። ይህን ለእኔ መንገር አሳፈራት። ለዚያ ቅዳሜ ያስመዘገበችው የእኔን ቤት ነበር፤ ከጠዋቱ አስራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት።

እኔ ምን አውቄ! አስራ አንድ ተኩል ላይ ተነስቼ በሯን ገፋ ባደርግ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ስልኳ ራስጌዋ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። «ልጄን የነሳኸኝ አንተ ነህ» ብዬ አጠፋሁትና ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። መቀስቀሻዋም እዚያው ውስጥ ነበር ለካ። እኔ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ የበቆሎ ገንፎዬን ጣድኩ።

አስራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል በር ተንኳኳ። በመጋረጃው ስንጥቅ ባይ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፤ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ቦርሳ ያነገቱ። ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ለብሶ ቤት ለቤት የሚዞረው ማን እንደሆነ ሰፈራችን ያውቃል፤ ሃይማኖት ሊያስለውጡኝ ነው!

«እኛ ተጠምቀናል! ሌላ ቤት ሞክሩ!» አልኩ በሩን ሳልከፍት።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ስትል የመስኮቱ አየር ማቀዝቀዣ ጩኸት ዋጠው። ቆይታ ደግማ አንኳኳች።

«ጆሮ የላችሁም እንዴ? ሰው ተኝቷል! መኪናችሁንም ከደጄ አንሱ፣ ፖሊስ ሳልጠራ!»

መኪናቸውን አንስተው መንገዱ ጫፍ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ሄደው ቆሙ። ጎሽ ቬልማ፣ አልኩ ለራሴ።

ለአንድ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው የኬንድራ በር ተበረገደ።

«ስልኬስ? አክስቴ፣ ሰው መጥቷል?»

«ማን ይመጣል? እነዚያ የሃይማኖት ወረቀት አዳዮች ናቸው። አባረርኳቸው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። የግድግዳውን ሰዓት አየች። «ወዴት?»

ማደያውን በጣቴ አሳየኋት።

«ዛሬ ካጡኝ አለቀልኝ!» አለችና በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ ወጣች።

ያቺ ልጅ ሰውነቷን አንድ ሰዓት ሙሉ ሳታሟሙቅ ሮጣ አታውቅም፤ ያልሞቀ ጡንቻ ይበጠሳል እያለች እኔን እንኳ ስትመክረኝ ነው የኖረችው። አሁን ከአልጋዋ ቀጥታ አስፋልት! ሁለት መቶ ሜትር ይሆናል። የመኪናው የኋላ መብራት በራ። «ጌታዬ ያዝልኝ! መኪናውን ያዝልኝ!» እያልኩ እኔም በነጠላ ጫማዬ ከኋላዋ። ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት እጇ ጭኗን ያዘ፤ አየሁት። አልቆመችም። በአንድ እግሯ እያነከሰች የመኪናውን መስኮት በመዳፏ መታችው።

እያለከለክሁ ስደርስ ሴትዮዋ ሰዓቷን አይታ ትጽፋለች። «ሃያ ሰከንድ ነው የቀረሽ» አለቻት።

«ደረስኩ፣ አክስቴ! ደረስኩ!» ትላለች ኬንድራ፤ ትስቃለችም ታለቅሳለችም። ቀኝ እግሯን መሬት ማስነካት ግን አቃታት።

ደግፈናት ገባን፤ ሽንቷን ሰጠች፤ በኋላ የመጣው ወረቀት ንጹሕ ናት አለ። የጭኗ ጡንቻ ተበጥሶ ነበር። ሐኪሙ ቢያንስ አራት ወር አላት። ማጣሪያውን እኔ ቤት ሶፋ ላይ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ በቴሌቪዥን አየችው። ሦስተኛ የወጣችው ልጅ የገባችበትን ሰዓት አሳዩ። ኬንድራ ግንቦት ላይ ከዚያ ፈጥና ሮጣ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ በክራንች ቤተ ክርስቲያን ገባን። ገና ከደጁ አንዲት ሴት «ውይ! ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ጮኸች። ልናገር ቆርጬ ነበር፤ ስልኳን የደበቅሁት፣ ሰዎቹን ያባረርኩት እኔ ነኝ ልል። ኬንድራ ክንዴን ጨምቃ ቀደመችኝ።

«ልምምድ ላይ ነው» አለች።

ለአባቷም ለአሰልጣኟም ያለችው ይህንኑ ነው፤ ዛሬም ሌላ አትልም። ከዚያ ወዲህ ተወዳድራ አታውቅም። ሰዎች እሷን አጽናንተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ይዞራሉ፤ «አይዞሽ እህት ቬልማ፣ ስንት የደከምሽባት ልጅ» ይሉኛል። እኔም እጃቸውን ይዤ «አሜን» እላለሁ።