ሽማግሌ የማይገባበት ፊልም

ጎረቤቴ ኤቢሳ እዚሁ ካራ ሰፈር በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። ሥራ ጨርሶ ስልኩን ሲከፍት ግን ነዋሪነቱ ቴክሳስ ነው። የሚያያቸው የካውቦይ ፊልሞች ከርካሽነታቸው የተነሳ መጀመሪያ ላይ የሞተው ሰውዬ ኮፍያ ቀይሮ መጨረሻ ላይ እንደገና ይሞታል። ታሪኩም ያው ነው፤ ሰውዬው ይበደላል፣ ፈረሱን ይጭናል፣ በዳዩን ፈልጎ ይገድላል።

"ምኑ ይጥምሃል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ሽማግሌ የለማ!" አለኝ። "ተናዶ ሲወጣ 'ለእኛ ስትል ተው' የሚለው አንድ ሰው አየህ?"

እውነቱን ነው። እኛ ሰፈር ቂም ይዞ መቆየት ኮንዶሚኒየም ከማግኘት ይከብዳል። ገና ተኳርፈህ ሳይወጣልህ ሽማግሎች ጋቢያቸውን ደርበው ሳሎንህ ውስጥ ተደርድረዋል። ኤቢሳ ግን አብሮ አደጉ ሞቲ ላይ የያዘውን ቂም ከሽማግሌ ሁሉ አስጥሎ ዓመት አድርሶታል። የኤቢሳ እናት እማማ ዲንቄ ሲሞቱ ሞቲ ለቀብርም ለለቅሶም አልደረሰም። ቤቱ ደግሞ ከአጥራቸው ቀጥሎ ነው። እኛ ዘንድ አጥር የገፋ ይታረቃል፤ ለቅሶ የቀረ ግን ምን ይባላል?

ክረምቱ እንደወጣ ኤቢሳ የራሱን ፊልም ሊሠራ ተነሳ። ጀግናው እሱ፣ በዳዩ ሞቲ።

"ሌላ ሰው አጣህ?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ጠላት እያለኝ ተዋናይ ልቅጠር?" አለኝ።

የሚገርመው፣ ሄጄ ስነግረው ሞቲ ሳያቅማማ እሺ አለ። የካሜራ ባለሙያው እኔ ነኝ፤ ብቃቴም ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ ስልክ መያዜ ነው።

ከየካ ሚካኤል በላይ ባህር ዛፉ ውስጥ ገባን። ሽጉጡ እንጨት፣ ደሙ በውሃ የቀጠነ ሳልሳ ነው። ፈረሱን እንጦጦ ላይ ጎብኚ ከሚያስጋልቡት ተከራየን፤ ፎቶ ስለለመደ ስልክ ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጀግናችን እየተራገመ በእግሩ መጣ። ሁለቱ ተፋጠው ቆመው እንኳ አይነጋገሩም። "ትንሽ ወደ ግራ ይቁም በለው" ይለኛል ኤቢሳ፣ ሞቲ እየሰማ። እኔም እላለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

በእነዚህ ፊልሞች ሕግ ግን ጀግናው ከመተኮሱ በፊት ምክንያቱን መናገር አለበት። ይህን ደግሞ በእኔ በኩል ማስተላለፍ አይቻልም። ኤቢሳ ሽጉጡን ደግኖ ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቲን በቀጥታ አናገረው።

"እናቴን ስቀብር የት ነበርክ?"

እዚህ ላይ ሞቲ በክፋት ስቆ፣ ተመትቶ መውደቅ ነበረበት። ሳልሳው በፌስታል ሆኖ ደረቱ ላይ ተዘጋጅቷል። አልሳቀም።

"ቤቴ ነበርኩ" አለ። "በሩን ቆልፌ። ጡቷን ጠብቼ ያደግኩ ሰው አፈር ሲጫንባት ማየት አቃተኝ። ከዚያ ሳልስቱ አለፈ፤ አፈርኩ። አርባዋ ሲደርስ ደግሞ በምን ፊቴ ልምጣ?"

ይሄም ምክንያት ሆኖ! ተናደድኩ። ግማሹ ካራ እማማ ዲንቄን ይወድ ነበር፤ ሁሉም በሩን ቆልፎ ቢቀመጥ ማን ይቀብራቸው ነበር? "ተኩስ እንጂ!" ልለው ምንም አልቀረኝም። ሞቲ ግን ሣሩ ላይ ተንበርክኮ "እማዬ! እማዬ ዲንቄ!" እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። ፌስታሉ ፈንድቶ ሳልሳው ፊቱን አለበሰው። ዳገቱን የሚሮጥ አንድ ስፖርተኛ ቆም ብሎ "ማን ሞተባችሁ?" አለኝ።

ኤቢሳ የሚያደርገው ጠፋው። ካያቸው ፊልሞች በአንዱም ውስጥ ጠላት ለጀግናው እናት አልቅሶ አያውቅም። እናቱ ሲቀበሩ አጠገቡ ነበርኩ፤ እንባ አልወጣውም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ የቤተ ክርስቲያኑን በር ብቻ ያይ ነበር። አሁን ኮፍያውን አውልቆ፣ ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሞቲ በጉልበቱ እየሄደ መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

"እግዜር ያጥናህ" አለው።

የኤቢሳ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

"ቆየህብኝ እኮ፣ ሞቲ" አለ።