የሁለት አጣቢዎች ውሃ

ሰፈሩ ሰውዬውን «ሊቁ» ይለዋል። ለፌዝ ያወጡለት ስም ነው፤ እሱ ግን የምር አድርጎ ይዞታል። ሊቁ ፎቶ አንሺ ነው። ዘመን ያለፈበትን የፊልም ካሜራ አንግቶ ይዞራል፤ ፎቶውን የሚያጥበው እቤቱ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ጨለማ ክፍል ካደረገው ስድስት ዓመት ሆነው። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ደፍኖ፣ ቀይ አምፖል ሰቅሎ፣ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ገላዋን መታጠብ ያማራት ሚስት ጓሮ ትሂድ።

ሚስቱ ልብስ አጣቢ ናት። ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ሳፋ ፊት እንደተቀመጠች ይኸው ሸበተች። የቤቱ አስቤዛ የሚወጣው ከዚያው ሳፋ ነው። የሊቁ ገቢማ ለወረቀቱና ለኬሚካሉም አይበቃ።

አንድ ቀን የውሃ ሂሳብ መጣ። ሊቁ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣

«በቃ!» አለ። «ከመጪው ወር ጀምሮ የሰው ልብስ እዚህ ቤት አይታጠብም። ውሃውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ።»

«አንተስ አታጥብም?»

«እኔ አጣቢ አይደለሁም! ምስል ነው የማወጣው።»

«ሰዉ ‹ፎቶዬን አሳጠብኩ› አይደል እንዴ የሚለው?»

«መሃይም ያለውን ሁሉ ትደግሚያለሽ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ሃያ ዓመት ተናግራ ምን አተረፈች? ሳፋው ከተደፋ ድስቱም እንደሚደፋ ግን ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ አልነከረችም። ሊቁ ፎቶዎቹን ከመጨረሻው ኬሚካል አውጥቶ ቧንቧ ስር አኖራቸውና ውሃውን ለቆ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ፎቶ በሚፈስ ውሃ አንድ ሰዓት ሙሉ መታጠብ አለበት ባይ ነው። ሚስቱ እጁን ይዛ ደጅ ወዳለው የውሃ ቆጣሪ ወሰደችው። ትንሿ ቀይ መርፌ እንደ እብድ ትሽከረከራለች።

«ተበላሽቷል» አለ ሊቁ።

ገብታ ቧንቧውን ዘግታ ተመለሰች። መርፌዋ ቀጥ ብላለች።

«ዳነልህ፤ ያውም ያለ ሐኪም።»

«ፎቶዎቹ ይበልዛሉ እኮ! ኬሚካሉ መውጣት አለበት!»

«ሳሙናው ካልወጣ ልብስም ይበልዛል። እኔ ግን ቧንቧ ለቅቄ ሻይ አልጠጣም። እነክራለሁ፣ እደፋለሁ፣ እቀይራለሁ። እስቲ አንዷን ስጠኝ።»

ሊቁ ሲያመነታ ቆይቶ አንዲት ፎቶ መርጦ አቀበላት። የራሷን ነው።

«ይቺ ብትበላሽም አይቆጭም።»

ሰማችው። ፎቶዋን ሳፋ ውስጥ ነከረቻት። ስድስት ጊዜ ውሃ ቀየረችላት፤ አንድ ባልዲ ተኩል እንኳ አልፈጀችም። ሊቁ መፈተኛ ጠብታውን አምጥቶ በወረቀቷ ጠርዝ ላይ ጣል አደረገ። ኬሚካል ቀርቶ ቢሆን ጠብታው ቡናማ ይሆን ነበር። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ወረቀቷ ነጭ እንደሆነች ቀረች።

«አሁን ደግሞ ጠብታው ተበላሽቷል በላ!»

ሊቁ የጠብታውን ብልቃጥ ከድኖ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሰውን ልብስ ነገር አንስቶ አያውቅም። በሳምንቱ ግን አንድ ክምር ፎቶ ይዞ መጥቶ ሳፋዋ አጠገብ አስቀመጠ።

«መቼም የአንቺ እጅ ለምዷል» አለ።

የውሃው ሂሳብ በግማሽ ወረደ፤ ሥራዋ ደግሞ በዚያው ልክ ወጣ። ሊቁ ለመጣ ለሄደው «ውሃ የሚቆጥብ ዘዴ ፈልስፌ» እያለ ያወራል።

ትናንት አንድ ደንበኛ ፊልም ይዞ በር ላይ ቆመ።

«እመቤት፣ ፎቶ የሚያጥቡት ሰውዬ አሉ?»

«አለ፣ ሻይ እየጠጣ ነው» አለች ከሳፋው ቀና ሳትል። «የሚታጠበውን ለእኔ ስጠኝ።»