አጥር ላይ የተሰካው ቅል

አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለች ትንሽ ንባብ ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ መጽሐፍ ማዋስና መቀበል ነው፤ ማንም ሳያዘኝ የጨመርኩት አንድ ነገር ግን አለ። በየወሩ መጀመሪያ «ይህን አንብቡልኝ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ እለጥፋለሁ። የነገሥታት ታሪክ አልጽፍበትም፤ እሱ ያለ እኔም ፈላጊ አያጣም። የምመርጠው ማንም ዞር ብሎ ስላላያቸው ሰዎች የሚተርከውን ነው፤ ስለ ሸማኔዎች፣ ስለ አዋላጆች፣ ስለ በረኛና ስለ ተሸካሚ ኑሮ። በዚህ ወረቀት እኮራ ነበር። ሰው ካመሰገነኝማ ጉራዬ አይቻልም።

ባለፈው ክረምት ስለ ደጋው ሸክላ ሠሪዎች የተጻፈች ስስ መጽሐፍ እጄ ገባች። እዚያው ደጋ፣ ጨንቻ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና በአንድ ቀን ጨረስኳት። እንስራና ድስት የሚሠሩት ሰዎች መሬት እንዳልነበራቸው፣ ከሌላው ጋር እንደማይጋቡ፣ መቃብራቸው ሳይቀር ለብቻ እንደነበረ ትናገራለች። መጠጥም የሚሰጣቸው በተለየ ዕቃ እንደነበር በአንድ መስመር ጠቅሳ ወደ ጭቃው አቦካክ ታልፋለች። እኔም አብሬያት አለፍኩ። ወረቀቴ ላይ አንደኛ አድርጌ ጻፍኳትና ቅዳሜ ከሰዓት እንድንወያይባት አንባቢዎቹን ጠራሁ።

መጀመሪያ የተዋሰቻት መዝገብ ቤት የምትሠራው ባልደረባዬ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ የአራስ ገንፎዋን በልቻለሁ። አንድ የምቀልድባት ነገር ነበረኝ። ሻይ የምትጠጣው ከቤቷ በጨርቅ ጠቅልላ በምታመጣው ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ ነጭ ኩባያ ብቻ ነው። ሰርግም ለቅሶም ስትሄድ ከቦርሳዋ አይለይም። «የእኛ ብርጭቆ ይነክሳል እንዴ?» እላት ነበር። «ንግሥቲቱ ከነዋንጫዋ መጣች» እያልኩም ሰው አስቄባታለሁ። እሷም አብራን ትስቅ ነበር።

መጽሐፏን አራት ቀን አቆየቻት። ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝና በሩን መለስ አደረገችው።

«እናቴ ጨንቻ ገበያ ድስት ትሸጥ ነበር» አለችኝ።

ልጅ ሳለች ወላጆቿ ወደ ቆላው፣ ወደ ጫኖ፣ ሙዝ እርሻ ለመሥራት እንደመጡ አውቃለሁ፤ ከየት እንደመጡ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

«ዕቃዋን ተሸክማ በየደጁ ስትዞር፣ ውሃ ከጠየቀች የሚወጣላት ስባሪ ቅል ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ኩባያ ገዛችልኝ። ‹የራስሽን ከያዝሽ ማንም ላንቺ ዕቃ አይመርጥም› አለችኝ። ይሄው እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። የንግሥት ነገር አይደለም።»

ወዲያው ይቅርታ ብላት ኖሮ ጥሩ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ቅዳሜ ይህንን ብትነግሪያቸው! መጽሐፏ የጎደላት እኮ ይሄ ነው» አልኳት። ለስብሰባዬ ማድመቂያ ፈለግኳት፤ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ልጆቼ እንኳ አያውቁም» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የትልቋ ሽምግልና ገና አላለቀም። የልጁ ቤተሰቦች የጨንቻ ሰዎች ናቸው፤ ከሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔን ተይኝ። ይልቅ አንቺ የዚያው አገር ልጅ ነሽ፤ በእናንተ ቤት በቅሉ ውሃ የሚሰጠው ማን ነበር?»

ይህ ጥያቄ መጽሐፏ ውስጥ የለም። ቅሉ ከቀርከሃው አጥራችን በውጭ በኩል ተሰክቶ ይኖር ነበር፤ እናቴ ቤት ውስጥ አታስገባውም። ሸክላ ሠሪዎቹ ሲመጡ የምላከው እኔ ነኝ። ቅሉን አንስተው ይዘረጉልኛል፤ እኔ ደግሞ የውሃው ማሰሮ ቅሉን እንዳይነካ ከፍ አድርጌ አንቆረቁርላቸዋለሁ። ከነካ እናቴ ማሰሮውን ትሰብረዋለች። ጭቃ የደረቀባቸው እጆቻቸው ዛሬም ይታዩኛል። ከፊታቸው ግን አንዱንም አላስታውስም።

«እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«እንግዲያው ቅዳሜ ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ» ብላኝ ወጣች።

ቅዳሜ ጥቂት አንባቢዎች መጡ። ስለ አጥሩ፣ ስለ ቅሉ፣ ስለ ራሴ እጅ ተናገርኩ። ስለ እሷ ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ጡረተኛ መምህር ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «በእኛም ቤት ነበረ» አሉ። እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ሰው ሲበተን ሁለታችን ቀረን። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀችልኝ። ከዚያ ለሁለታችን ሻይ ልቀዳ ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ። በሻይ አቀዳዴ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያደንቀኛል፤ ክንዴን ከፍ አድርጌ ከላይ በቀጭኑ ሳወርደው አንዲት ጠብታ አይፈስም። ኩባያዋን ዘረጋችልኝ። ክንዴ እንደ ልማዱ ከፍ አለ፤ ሻዩም መውረድ ጀመረ።

ክንዴ እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ። ይህን አቀዳድ የት እንደተማርኩት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ቀና ብዬ አየኋት። ኩባያዋን እንደዘረጋች ነበር።

«ዛሬ ገና ነው ያየሽው?» አለችኝ።