ታላቁ ሳይቀድም

አሰላ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ ምግብ አቀርባለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ የታመመ አስታምማለሁ። በቤቱ አንድ ሕግ አለ፤ ታላቅ ሳይቀድም ማንም እጁን አይዘረጋም። ታላቁ ሳጉሬ ላይ እህል ሲነግድ የኖረ ሽማግሌ ነው። እሱ መርቆ ሌሎቹ «አሜን» ሳይሉ ዳቦው ቢደርቅ፣ ሻዩ ቢበርድ የሚነካው የለም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

አምና ጥቅምት ላይ፣ የጭላሎ ብርድ አጥንት መቆርጠም ሲጀምር፣ አንዲት ነርስ በእርዳታ የተገኘ የጉንፋን ክትባት ይዛ መጣች። በእኛ አገር ለጉንፋን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እንጂ መርፌ ማን ያውቃል? ልጅቷ ግን በትዕግሥት አስረዳች። ጉንፋን የምንለው ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው የሽማግሌ ሳንባ ላይ ከወረደ እንደሚገድል፣ ክትባቱ ጨርሶ ባያስቀረው እንኳ አደጋውን እንደሚቀንስ ነገረችን።

ታላቁ ሳቀ። «በጉንፋን የሞተ ቀብሬ አላውቅም» አለ። «ይህን ለከብት ውጉት።»

ሁሉም ተከትለውት ሳቁ። ያልሳቁት ከዲክሲስ የመጡት እማማ ብቻ ናቸው። ደረታቸው ደካማ ነው፤ ደረጃ ሲወጡ እንኳ ያፍናቸዋል። ልጃቸው ኮምባይነሩ ስንዴውን አጭዶ እንደጨረሰ፣ ጓሮው ውስጥ የጀመረላቸውን ክፍል ቆርቆሮ አልብሶ ሊወስዳቸው ቃል ገብቷል። በልጃቸው ደጅ ፀሐይ መሞቅ፣ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። ወደ ማጀት ጠርተው መርፌውን እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እዚሁ በሩን ዘግተን እናስወጋዎት አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ታላቅ ሳይቀድም እጄን ዘርግቼ አላውቅም» አሉኝ። «እሳቸውን ለምኚልኝ።»

ሄጄ ለመንኩት። መጀመሪያ እግሬን እሺልኝ አለ፤ አሸሁለት። ሻዬ ላይ ስኳር ጨምሪ አለ፤ ጨመርኩለት። ስለ እማማ ደረት ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና፣ ሞት የሚፈራ ሰው ራሱ ይወጋ፣ እኔን በስተርጅና መሳቂያ አታድርጊኝ ብሎ አሰናበተኝ። ነርሷ የበረዶ ሳጥኗን እንደሞላ ይዛ ተመለሰች።

ኅዳር ላይ ጉንፋኑ ገባ። ቤቱ በሳል ታመሰ፤ ሌሎቹ እየዋሉ እያደሩ ተነሡ፣ እማማ አልተነሡም። ትንፋሽ እያጠራቸው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ኮምባይነሩ ጨረሰ ወይ? ሊጨርስ ነው እላቸዋለሁ። ልጃቸው ቃሉን ጠበቀ፤ አጨዳው እንዳለቀ ሚኒባስ ተከራይቶ መጣ። የወሰደው ግን ሬሳቸውን ነው።

ታላቁ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰም። በማግስቱ ማዕድ ላይ፣ ቀናቸው ደርሶ እንጂ ጉንፋን ሰው አይገድልም እያለ ሰበከ። ሁሉም «አሜን» አሉ።

ዘንድሮ ብርዱ ሳይገባ የእሱ ልጅ ስልክ ደወለ፤ ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። አባቱን እንደ አምናው አዲስ አበባ ወስዶ የጉንፋን ክትባት ሊያስወጋው ስለሆነ ልብሱን እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። አምና መስከረም ላይ መሄዱን አስታወስኩ። ለእኛ የነገረን ዓይኔን ልታይ ነው ብሎ ነበር። እግሩን ሳሽለት እሱ ተወግቶ ነበር ማለት ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ደሜ ፈላ።

ምሳ ላይ ሊመርቅ እጆቹን ሲዘረጋ ጀበናውን ሳላስቀምጥ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ የዘንድሮውንም የጉንፋን መርፌ አዲስ አበባ ነው የሚወጉት? ልጅዎ እንደ አምናው ሊወስድዎት ነው፣ ደውሎ ነበር።»

እሱ እንዳልሰማ መመረቁን ጀመረ። ድምፁ እየሰለለ ሄደ፤ «አሜን» የሚለው አላገኘም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከእማማ ባዶ ወንበር አጠገብ የሚቀመጡት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጠረጴዛውን ዳብሰው ዳቦውን አገኙት። ምርቃቱ ሳያልቅ ቆርሰው ጎረሱ።