ለእህቴ ሠርግ የገዛነው ካሜራ

ፀሐይ የሞቀው ቆዳ ሲሸተኝ እቆማለሁ። ትናንት ከቤቴ በታች ያለው ጫማ ሰፊ አሮጌ ቦርሳዎች ውጭ አስጥቶ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ አየሩን ስስብ ቢያየኝ «ጋሼ፣ ሊገዙ ነው?» አለኝ። ልገዛ አልነበረም። የሸተተኝ የካሜራ ማኅደር ነበር።

ያንን ካሜራ አባቴና እኔ የገዛነው በንጉሡ ዘመን፣ ደብረ ታቦር ነው። እኔ ያኔ ንፋስ መውጫ የተመደብሁ ጀማሪ አስተማሪ ነበርሁ፤ ጥቂት መጽሐፍ አንብቤ ዓለምን የጨረስሁ የሚመስለኝ። ታናሽ እህቴ ልትዳር ነበር። ቤታችን ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ነው፤ የሙሽራው አገር ግን ስማዳ፣ ከወገዳም ወዲያ ነው። ክረምት ሲገባ በመካከል ያለው ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ይዘጋዋል። የሠርጉ ቀን እንደተቆረጠ እናቴ ለብቻዬ ጠራችኝ። «አንተ የተማርህ ነህ። ለዚህ የፈረንጅ መላ አለ ይባላል። ፊቷን አስቀርልኝ» አለችኝ። ከዚያ በፊትም በኋላም ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለሱቁ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ከፋኖሶቹና ከራዲዮኖቹ መካከል ሁለት ካሜራ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልን። አንዱ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ፣ በጥላም በዳስ ውስጥም የሚያነሳ፣ የራሱ መብራት ያለው ነው። ሌላው ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሆድ ላይ አስጠግተው፣ ከላይ አጎንብሰው የሚያዩበት፣ ፀሐይ ከሌለ ምንም የማያይ። አባቴ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲሰማ ጋቢውን ሰበሰበ።

«በሬ ሸጬ መነጽር ልግዛ?»

«መነጽር አይደለም፣ አባቴ። ዘላለም ነው» አለ ባለሱቁ።

«ዘላለሙንስ ካህናቱም ይነግሩናል። የሌላኛው ስንት ነው?»

ለሌላኛው ግን፣ ወይፈን የሸጥንበት ገንዘብ፣ የእኔ ደመወዝ ሲታከልበት፣ ይበቃ ነበር። ባለሱቁ ግን ቅን ሰው ነበርና «ሙሽራዋ የት ሆና ነው የምትነሳው? ዳስ ውስጥ ከሆነ ይቺ አትሆናችሁም» አለን። እኔ ተሽቀዳድሜ መለስሁ። ሙሽራ የምትወጣው ረፋድ ላይ ነው፤ ደጅ ነው፤ በቅሎ ላይ ነው። በጥር ደግሞ ጋይንት ውስጥ ፀሐይ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም። ሰማይ ሙሉ ብርሃን እያለ መብራት መግዛት ሞኝነት ነው ብዬ ተከራከርሁ። አባቴ ኮራብኝ። ስለ ጥላው፣ ስለ ርቀቱ፣ አንዱ ፊልም ስምንት ፎቶ ብቻ ስለመያዙ፣ ሁሉንም አወጣን አወረድን። ሠርግ ሲያዩ የኖሩ ሦስት ወንዶች ሊታሰብ የሚገባውን ሁሉ አሰብን፤ አንዱን ብቻ ረሳን።

የሠርጉ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኞቿ ከወይራው ሥር ጠጉሯን ይሠሯት ነበር። ቅቤው ይሸታል፤ በቅጠሉ መካከል የሾለከ ብርሃን ትከሻዋ ላይ ይንቀሳቀሳል። እህቴ ራሷን ከጓደኛዋ ጉልበት ላይ ጥላ ትስቃለች። ካሜራው ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ማኅደሩን ስከፍት አባቴ ዳስ ከሚሠሩት መካከል ሆኖ አየኝ።

«ተው! ለጠጉር ሥራ አታባክነው። ለነገ ነው የገዛነው!»

ዘጋሁት። ዛሬ በየሠርጉ እጄን ጎትተው ፎቶ ሊያስነሱኝ ሲመጡ የምነጫነጨው ለዚህ ነው። ታላቅ ቀን የሚባለው ሰው ራሱን የማይመስልበት ቀን ነው፤ እኛም ከዓመቱ ሁሉ ያንን ቀን መርጠን እናስቀምጣለን።

በማግስቱ ፀሐይዋ እንደተመኘኋት ሆና ወጣች። ብርሃኑን ከኋላዬ አድርጌ፣ ሳጥኑን ሆዴ ላይ ደግፌ ጠበቅሁ። እልልታው ቀለጠ። ሚዜው ሙሽራዋን አዝሎ ወጣና በቅሎዋ ላይ አስቀመጣት። አጎንብሼ አየሁ። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ከአናቷ እስከ እርካቡ በነጭ ኩታ ተጠቅልላ፣ ካባ ተደርቦላት፣ የሰው ቅርጽ እንኳ በቅጡ የሌላት ነበረች። በአገራችን ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ተሸፍና ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይግለጧት» አልሁ።

«አብደሃል? በአማቾቼ ፊት?»

ሚዜው ልጓሙን እንደያዘ «መምህር፣ የበቅሎዋን ፊት ያንሱ እንጂ፤ እሷ አልተከናነበችም!» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ከኩታው ውስጥ የእህቴ ድምፅ ታፍኖ መጣ።

«ወንድምዬ፣ ግዴለም፣ አንሳኝ። ውስጥ እየሳቅሁ ነው።»

ቁልፉን ተጫንሁት። የቀረውን ፊልም ለአማቾች፣ ለካህናቱና ለአባቴ ጠመንጃ አዋልሁት።

ለመልስ ስትመጣ ፊቷ ተገልጦ ነበር፤ ፊልሙ ግን አልቆ ሊታጠብ ጎንደር ሄዷል። የተመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ገለበጠችና ጀርባውን አየች፤ ፊቷ በዚያ በኩል ይሆን ብላ።

«ለመስቀል ስትመጣ አነሳታለሁ» አልኋት። አዲስ ፊልምም ገዝቼ አስቀምጬ ነበር።

በነሐሴ እህቴን ንዳድ ገደላት። መርዶው የደረሰን ወንዙ ሲጎድል ነው፤ እሷ ተቀብራ ሰንብታለች። በእኛ ወግ ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ይያዛል፤ የእሷ ልብስ ግን ስማዳ ቀርቷል። አክስቴ ከቤት የሚያዝ ነገር ብታጣ ፎቶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ወጣች። አልቃሿ ከእስቴ የመጣች ሴት ነበረች፤ እህቴን አይታት አታውቅም። ፎቶውን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችና ሙሾውን ያዘች፦

በሠርጓም ሸፈኗት፣ በሞቷም ሸፈኗት፤
ኩታዋ ሲገለጥ መሬት ብቻ አያት።

ለቀስተኛው ደረቱን መታ። አባቴ ከሰው መካከል ወጥቶ ግድግዳ ይዞ ቆመ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ዕድሜ ሲጫናት ዐይኗ ፈዘዘ። ልጠይቃት ስሄድ መደቡ ላይ እንደተጋደመች እጄን ትይዝና «አፍንጫዋ እንዴት ነበር?» ትለኛለች። የእህቴ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ፊቷ ግን ከእኔም ከሄደ ቆይቷል። ቢሆንም እነግራታለሁ። አንድ ቀን ሰልካካ ነበር እላታለሁ፤ ሌላ ቀን እንደ አባቴ ጎራዳ። እናቴ ጣቶቼን እየዳሰሰች ትሰማኛለች። ስጨርስ ሁልጊዜ «አዎ» ትላለች፤ «እሷ ናት።»