ያንግዶልና የመምህሩ ገበር

በተራሮች በተከበበችው ሌህ ከተማ ውስጥ፣ ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ፣ ያንግዶል የምትባል ሴት የሞተረኛ ጃኬት ትሸጣለች፤ ያረጀውንም ትጠግናለች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሱቁን ከመክፈቷ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሞተር እየዞረች የዘላኖቹን ፍየሎች ስትከትብ ኖራለች። ስለ ጃኬት የምታውቀውን ሁሉ የተማረችው በገዛ ጀርባዋ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት መራራ ነበር። ሥራ በጀመረችበት ዓመት ግንቦት ላይ የሚያብረቀርቅ የቆዳ ጃኬት ለብሳ ወጣች። ተራራው አናት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዛት። ቆዳው ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ድንጋይ የተሸከመች ያህል ከበዳት፤ ጣቶቿም መሪው ላይ ደርቀው ቀሩ። አንዲት ዘላን አሮጊት ድንኳን አስገብታ፣ ልብሷን አስወልቃ፣ በጥሬ ሱፍ ጠቅልላ አተረፈቻት። በነጋታው አሮጊቷ ጃኬቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ እያስረከበቻት፣ «ይሄ ለሠርግ ነው» አለቻት። ያንግዶል ይህን ስታወራ ዛሬም ትስቃለች።

ከዚያ ወዲህ ብርድን ለብቻው አትፈራውም፤ የምትፈራው ነፋስና እርጥበት ሲጋቡ ነው። የተራራው መንገድ ተከፍቶ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ውሃ የማያስገባውን ከመደርደሪያ ታወርዳለች። ሐምሌ ላይ ሸለቆው ሲግል፣ እንደ ወንፊት አየር የሚያሳልፈውን። መስከረም ሲጠባ ደግሞ አንገቱ ድረስ የሚዘጋውን። ደንበኛዋን መስታወት ፊት አታቆምም። ሱቋ ውስጥ ያለች አሮጌ ሞተር ላይ አስቀምጣ እጁን ወደ መሪው ታስዘረጋውና ወገቡ ይራቆት እንደሆነ፣ እጅጌው ወደ ላይ ይሸሽ እንደሆነ ታያለች። ካልሆነው አትሸጥለትም።

ባለፈው ሰኔ ሱሃስ የሚባል የሒሳብ መምህር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ሙቀቷ አናት ከሚበሳው ከናግፑር ነው የተነሳው። ጃኬቱ ለሙቀት የተሠራ ወንፊት ሲሆን ሁለት ተነቃይ ገበር ነበረው፤ አንዱ ለብርድ፣ አንዱ ለዝናብ። የዝናቡ ዚፕ ተበጥሷል። ነገ ወንዙን ተከትለን ገዳም አይተን እንመለሳለን ብሎ ሁለቱንም ገበር ትቶላት ሄደ። ለወንዝ ዳር ወንፊቱ ይበቃል ብላ ያንግዶልም ተስማማች።

በነጋታው ረፋድ ላይ ዚፑን ጨርሳ ክሩን ስትበጥስ፣ ጎረቤቷ መለዋወጫ ሻጩ ኖርፌል ብቅ አለ። ሦስቱ ሞተረኞች ማደያው ጋ ሐሳብ ቀይረው ወደ ከፍተኛው የተራራ ማለፊያ፣ ወደ ታግላንግ በር መውጣታቸውን ነገራት። ያንግዶል በስተ ደቡብ ያለውን ሰማይ አየች፤ ደመና ከብዶበታል። ሱሃስ ጋ ስልክ ደወለች፤ አይሠራም። ሁለቱን ገበር ይዛ ሱቋን ቆለፈች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገበሩ ነው ወይስ ሞተሩ ናፍቆሽ ነው?» አላት ኖርፌል።

«ሁለቱም» አለችና ሞተሯን አስነስታ ሄደች።

ሩምትሴ፣ ከበሩ በታች ያለችው የመጨረሻዋ መንደር ስትደርስ አገኘቻቸው። ጎማ ተንፍሶባቸው ቆይተው ገና ሻይ እየጠጡ ነበር። ፀሐዩ ያቃጥላል። ፕራልሃድ የተባለው የሱሃስ ጓደኛ አሻግሮ አያትና ወደ መምህሩ ዞሮ፣ «ማስተርጂ፣ እናትህ ምሳ ይዛልህ መጣች» ብሎ አፌዘ።

ሱሃስ አፍሮ ብድግ አለና በአገሬው ቋንቋ እናቴ ብሎ ጠራት። «አማሌ፣ ለእኔ ብለው ነው እዚህ ድረስ የመጡት? ይኸው ፀሐይ ነው እኮ። ዝናብ ከጀመረ እለብሰዋለሁ።»

«ከጀመረ በኋላ የትኛው ጣትህ ነው ዚፕ የሚዘጋልህ? ደረቅ ሳለህ ልበስ። ከሞቀህ ማውለቅ አያቅትህም።»

መምህሩ እንደ ተማሪ እጁን ዘርግቶ ቆመ። መጀመሪያ የብርዱን፣ ከላዩ የዝናቡን ገበር አስገባችለት፤ የጓንቱን ጫፍ እጅጌው ሥር ከተተችው። ከዚያ የፕራልሃድን ወፍራም ጃኬት ዳበሰች። ውስጡ ጥጥ ነው። ይህ ውሃ ከነካው አያወጣህም፣ ዛሬ እዚህ እደር ብትለው ሳቀባት። ሦስቱም ወጡ። እሷ ግን እግሯ አልሄድ ብሏት እስከ ማታ ድረስ እዚያው መንደር ቆየች፤ ከሦስቱ ዞሮ የወረደው ግን አንዱ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሱሃስና ፕራልሃድ ወደ ሱቋ ተመለሱ። የሆነውን ሱሃስ ነበር የነገራት። በሩ ላይ የበረዶ ጠጠር ወርዶባቸው፣ ሦስተኛው ጓደኛቸው ገና በጊዜ ዞሮ ወረደ። ፕራልሃድ ጥጡ ርሶ ፍሬን መያዝ ሲያቅተው ሞተሩን ዳር ጥሎ ተቀመጠ። ሱሃስ እጁ ይታዘዝለት ስለነበር አፈናጥጦት ቁልቁል ወዲያ ማዶ ዘላኖቹ ድንኳን አደረሰው። ፕራልሃድ ይህ ሁሉ ሲወራ አቀርቅሮ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ብቻ፣ «አማሌ፣ ይቅርታ» አላት።

ያንግዶል ትከሻውን መታ መታ አድርጋ አለፈችው፤ የሱሃስን ጃኬት ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ እየተከተለች ነበር። ግራ ትከሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ውሃ የገባበት ምልክት ነበረው።

«እዚህ ጋ አስገብቷል» አለች ፊቷ ጠቁሮ።

«ጠብታ ናት፣ አልተሰማኝም እንኳ» አላት ሱሃስ።

አልሰማችውም። መነጽሯን አድርጋ መርፌው ላይ ክር ታስገባ ጀመር።