ጉጡ በየት በኩል ነው?

የእህቴ ቤት ለልማት ሲፈርስ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ እኔ ዘንድ ልትገባ ሆነ። እኔ ዘንድ ማለት ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ያለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። እኔና ባሌ እንኳ አንዳችን ስንለብስ ሌላችን ደጅ ቆመን የምንጠብቅባት። ወለሉ አልበቃ ሲል የሰፈራችን ሰው የሚያደርገውን ለማድረግ ወሰንን፤ ቆጥ እንሠራለን። ከግድግዳ ግድግዳ እንጨት ይጋደማል፣ ከላዩ ጣውላ ይነጠፋል፣ ልጆቹ እዚያ ይተኛሉ። ከታች ያለነው እንደ ቀድሞው እንኖራለን።

አናጺ ልጥራ ብል አባቴ ተቆጣ።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የኖረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ በአናጺነት ነው። እኔም ያደግሁት ሱቁ ውስጥ ስለሆነ የእንጨትን ስም የተማርኩት ከፊደል በፊት ነው። ጣውላ ለመነጠፍ የሚሰነጠቀው ጠፍጣፋው ነው፤ ሞራሌ ደግሞ ሸክም የሚችለው ባለ አራት ማዕዘኑ ወፍራም እንጨት። ጽድን በጠረኑ እለያለሁ። ባህር ዛፍ እርጥቡን ከገዙት ሲደርቅ እንደሚጣመም አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ጉጥን አውቃለሁ፤ ከግንዱ ቅርንጫፍ የወጣበትን ያንን ክብ ጠባሳ። ጉጥ ያለበት ሞራሌ ሲጋደም ጉጡ ወደ ላይ መሆን አለበት። ወደ ታች ከሆነ ሸክም ሲበዛበት እንጨቱ እዚያው ላይ ይከፈታል። ይህን የሳተ ሠራተኛ ከአባቴ አፍ የሚወርድበትን ስድብ እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ያስፈራኝ ነበር። አባቴ አስፋልት ስንሻገር ክንዴን መያዝ ጀምሯል። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ ይለካል። ምነው ስለው «የእንጨት ብናኝ ነው፣ ያልፋል» ይላል። ሐኪም ቤት እንሂድ ያልኩት ጊዜማ አኩርፎኝ ሰነበተ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሥራው ሌላ ምንም የለውም፤ ዓይኑ ደክሟል የሚል ወሬ ጠመንጃ ያዥ ከገባ ደግሞ ወንበር የሚያስጠግን እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ቆጡን ይሥራ ብዬ ለቀቅሁለት።

እንጨቱን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ካለ እንጨት ሻጭ ዘንድ ሄዶ ራሱ መርጦ አመጣ። እኔ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለች ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው አቤቱታ ስተይብ ስለምውል ሥራውን አላየሁም። የሚያቀብለው ባሌ ነበር። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ እንጨት የሚያውቀው ግን እንደሚነድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ቆጡ አልቋል። እህቴ ፍራሿን አስደግፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጆቿ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም እያሉ መሰላሉ ሥር ይገፋፋሉ። አባቴ መልሶ አባረራቸው። ቆጥ የሠራ አናጺ ከማስረከቡ በፊት ራሱ ወጥቶ ይረግጠዋል፤ የጠመንጃ ያዥ አናጺዎች ደንብ ነው። መሰላሉን ጨርሶ ላይ ደርሶ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«እንኳን ደረስሽ፤ ቆመሽ እዪ» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። መካከለኛው ሞራሌ ላይ፣ በታችኛው ገጹ፣ ከሌላው እንጨት የነጣ ክብ ነገር አለ። ጠጋ አልኩ። ጉጥ ነው። ሻጩ የጎደጎደውን በኮላና በሰጋቱራ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶታል። እጅ ቢዳስሰው አያገኘውም። ለሚያይ ሰው ግን ከበሩ ይታያል።

አባቴ እግሩን አንስቶ ረገጠ። እንጨቱ ቀጭ አለ።

«አባዬ ውረድ!»

«ገና መቼ ጀመርኩ!» ብሎ ሳቀና ደግሞ ረገጠ። ከጉጡ ጠርዝ አንድ ጥቁር መስመር ወጥቶ ወደ ጎን ሄደ። ሰጋቱራው ግንባሬ ላይ ረገፈ።

ባሌ ላይ ጮህኩበት። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ትርፍ ሞራሌ ጎትቶ አመጣ፤ ጫፉን ከጉጡ ሥር ሰክተን አቆምነውና በትከሻችን ያዝነው።

«አባባ፣ እንዳይነቃነቁ» አለ ባሌ።

«ምንድን ነው የምትደግፉት?» አለ አባቴ ከላይ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረበት። ሥራው ሲደገፍ በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

«ጉጡ ወደ ታች ነው፤ ተሰንጥቋል።»

«የለም። ጉጥ የለውም፤ እያንዳንዱን በእጄ ዳስሼዋለሁ።»

በእጄ ሲል እሱም ራሱን ሰማው። እህቴ ልጆቹን ማባበሏን አቆመች። ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ ግን ፍርሃቴ ወደ ንዴት ዞሮብኝ ነበር።

«ሞልተውት ነው አባዬ! ከበሩ እኮ ይታያል!»

አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠና እግሩን ወደ መሰላሉ ሰደደ። እግሩ አየሩን ይፈልጋል፣ እርከኑን አያገኘውም። እንጨቱን ለባሌ ትቼ ሄድኩና ቁርጭምጭሚቱን ይዤ እርከኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ሌላኛውን። እንዲያ እያደረግን አወረድኩት። ከባድ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ እግሩ ግን ቀጭን ነበር።

እህቴ ልጆቹን ይዛ ወጣች። ባሌ ሞራሌውን አቅፎ እንደቆመ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ቢሰበርስ? ልጆቹ ተኝተውበት ቢሰበርስ?»

ጭንቅላቱን ወደ ድምፄ ዘንበል አድርጎ እጁን ዘረጋና ጉንጬን ነካ። ጣቶቹን ከጉንጬ ሲያነሳ እርስ በርስ አሻሻቸው።

«እያለቀስሽ ነው እንዴ?» አለኝ።

ፊቴ ከፊቱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር።